አዲስ አፍ

ጠዋት ስነሳ በመጀመሪያ ምድጃው ውስጥ እንጨት እጨምርና ማንቆርቆሪያውን እጥዳለሁ። ውሃው እስኪፈላ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ካለው መደርደሪያ ብርጭቆውን አውርጄ ውሃውን እለውጣለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው የባለቤቴ የአልፌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ የላዩም የታቹም። ውሃው ጥቂት ከቆየ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነገር ስለሚይዝ በየቀኑ መለወጡ ይሻላል። ብርጭቆውን ወደ ቦታው እመልስና ሻዬን እቀዳለሁ፤ ዳቦዬን ሞላሰስ፣ ጥቁሩን የሸንኮራ ሽሮፕ፣ ቀብቼ ቆሜ እበላለሁ። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እወርዳለሁ።

ዓሣ የሚጭነው መኪና በደጃፌ የሚያልፈው ሻይ በምጠጣበት ሰዓት ነው። ሲያልፍ የእንጨት ቤቴ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሶቹም ከብርጭቆው ጋር ይጋጫሉ። አልፌ ትኩስ ነገር ሲጠጣ ያሰማው የነበረ ድምፅ ነው። መኪናው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ዘወር ብዬ አያለሁ።

የመንደራችን የላዱን ወንዶች ባሕር ሲወጡ ጥርሳቸውን ቤት ትተው ነው የሚወጡት። ማዕበል ሲያጥወለውላቸውና ሲያስመልሳቸው ጥርሳቸው አብሮ ባሕር የገባባቸው ብዙ ናቸው። አልፌም በመጨረሻው ጠዋት እንደ ልማዱ ብርጭቆው ውስጥ አስቀምጦት ወጣ። ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች። ሌላ የተገኘ ነገር የለም።

ይህ ከሆነ በኋላ በሁለተኛው የበረዶ ወቅት አንዲት ሴት ከጤና ቢሮ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። በባሕሩ ዳርቻ ባሉት መንደሮች ሁሉ የጥርስ ጤና ዘመቻ ሊጀመር እንደሆነና ለላዱን እኔ እንደተመረጥኩ ነገረችኝ። በመንደሩ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሌላ ሰው የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ትርፍ ጊዜ አይቸግራትም ብለውም ይሆናል። እሺ አልኩ። አንድ ሳጥን ብሩሽ፣ አንድ ሳጥን የጥርስ ሳሙናና አንድ ጥቅል ፖስተር ትታልኝ ሄደች። ፖስተሩ ላይ መሐሉ ጠቁሮ የተቦረቦረ ትልቅ ጥርስ ተሥሏል። ከጉድጓዱ የሚነሱ ጥቁር መስመሮች ወደ አንገት፣ ከዚያም ወደ ልብ ይወርዳሉ። ከሥሩ «ትንሽ ናት ብለው አይናቋት» ይላል።

ልጆቹ ብሩሹን ወደዱት። ከጠዋት ጸሎት በኋላ አጥሩ ሥር እናሰልፋቸዋለን፤ ይፍቃሉ፤ ከዚያ ማን አርቆ እንደሚተፋ ይወዳደራሉ። አጥሩ ሥር ያለው በረዶ ነጭና ሮዝ ነቁጥ ነቁጥ ይል ነበር። ሮዙ የድዳቸው ደም ነው። ብዙዎቹ ብሩሽ አፋቸው ገብቶ አያውቅም ነበርና ይደማሉ።

ትልልቆቹ ናቸው የከበዱኝ። በሁዳዴ ሌላ መዝናኛ ስለሌለ ንግግር ያደረግሁበት ምሽት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ፖስተሩን ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ ስለ ስኳር፣ ስለ መፋቅ፣ የበሰበሰ ጥርስ ወደ ደም ስለሚረጨው መርዝ፣ ያረገዘች ሴት አፏ ቢታመም በፅንሱ ላይ ሊመጣ ስለሚችለው ጉዳት ተናገርኩ። በጸጥታ ሰሙኝ። ስጨርስ ከፊተኛው ረድፍ ኤግዚልዳ ተነሳች። ኤግዚልዳ የዓሣ ማሸጊያው ሴቶች አለቃ ናት፤ ድምፅዋ ከማሽን በላይ እንዲሰማ ሆኖ የተሠራ ነው።

«መምህርት፣ እኛን ምን አድርጉ ነው የምትይን? የኔን ማታ ማታ ኩባያ ውስጥ አስተኛዋለሁ፤ አያመኝ፣ አይበሰብስ! ከባሌ ይልቅ እሱ ነው ዝም ብሎ የሚያድረው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። በላዱን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው የራሱ ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ለሁሉም የሚሠራላቸው በጎረቤት ከተማ ያለው አንድ ጥርስ ሠሪ ነው። አፋቸውን እየለካሁ እሠራለሁ ይላል እንጂ ከአንድ ቅርጽ ነው የሚያወጣው፤ እኩል፣ ነጭ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ። እነዚያ ሁሉ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ የአልፌ ሳቅ በየወንበሩ ላይ ነበር፤ በአሮጊቶቹ ፊት፣ በቄሱ ፊት፣ በሩ አጠገብ ቆመው በሚያጨሱት ወንዶች ፊት። ፖስተሩን ከሰሌዳው አውርጄ መጠቅለል ጀመርኩ። እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ከዚያ ቅርጽ ያልወጣ ጥርስ የነበራት አንዲት ልጅ ነበረች። ኤርሚን የአልፌ ወንድም የቴዮቲም ልጅ ናት፤ ክርስትና ያነሳኋትም እኔ ነኝ። እናቷ የሞተችው ገና በልጅነቷ ስለሆነ ከእኔ ቤት ብዙ ውላለች። የፊቷ ሁለቱ የላይኛ ጥርሶች ተደራርበው የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ሌላው ትከሻ ላይ ደገፍ ያለ ይመስላል። እሱ የባለቤቴ ወገን፣ የአሼ ቤተሰብ ጥርስ ነው። ቴዮቲም ነበረው። አልፌም ነበረው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር ሊገባ ሲል አስነቀለው እንጂ። እኔ ያየሁት ከዚያ በፊት ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስንማር፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ሲስቅ።

ኤርሚን በሰኔ የኤግዚልዳን ልጅ ኦዚያስን ልታገባ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር የክርስትና እናቷ «አዲስ አፍ» ትሰጣታለች። ጥርሶቿን በሙሉ አስነቅላ ሰው ሠራሹን ታስተክልላታለች፤ ሙሽራው ዕድሜውን ሁሉ ለጥርስ ሐኪም ሲከፍል እንዳይኖር። ከአልጋና ከብርድ ልብስ ይልቅ የሚከበረው ስጦታ እሱ ነው። ለኤርሚን መስጠት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከንግግሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጣችና ማድ ቤት ተቀምጣ ድንች ስልጥ ታግዘኝ ጀመር።

«አክስቴ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

«የት?»

«አውቀሽ ነው! አፌን ለማሠራት ነዋ። ኤግዚልዳ ከፋሲካ በፊት ካልሆነ ድዴ ለሠርጉ አይደርስም ብላኛለች።»

«አልወስድሽም።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እየቀለድሽ ነው?»

«ጥርስሽ ጤነኛ ነው ኤርሚን። በላዱን እንዳንቺ ያለ አፍ የለም። ሌላ ነገር እሰጥሻለሁ። የፈለግሽውን። የስፌት መኪናዬን ውሰጂ።»

«የስፌት መኪና!» ሳቀች፤ ሁለቱ ጥርሶች ታዩ። «ሰው ምን ይለኛል? የክርስትና እናቷ ነፈገቻት ነው የሚሉት። ወይ ደግሞ ጋብቻውን አልወደደችውም። አልወደድሽውም እንዴ?»

«ኦዚያስ ጥሩ ልጅ ነው።»

«ታዲያ!» ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። «ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዲህ የሚያስጠላ ከሆነ የአጎቴን ለምን አስቀምጠሽዋል?»

ድስቱ መፍላት አለመፍላቱን ለማየት ተነሳሁ። ኤርሚን ገርና ቀና ልጅ ናት። ክፉ መናገሯን ወዲያው ስላወቀች ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ።

ስለ ፎቶግራፉ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። የጤና ቢሮው ሴት ለሚቀጥለው ዓመት ፖስተር የዚሁ የባሕር ዳርቻ ልጅ የሆነ፣ የራሱ ጥርስ ያለው ሰው እንድፈልግላት ጠይቃኝ ነበር። «አንቺን ልሰጣት አስቤያለሁ» አልኳት።

«እኔን? ግድግዳ ላይ?»

«በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ።»

«ኦዚያስ ይሞታል!» ብላ እየሳቀች ድንቹን አንስታ እንደገና መላጥ ጀመረች። እስከ ፎቶው ድረስ እንደምትቆይ ቃል ገባችልኝ። ከዚያ በኋላ እናያለን አለች። ለእኔ ያ በቂ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኛለሁ ብዬ ነበር።

ጤና ቢሮው የላከው የጥርስ ሐኪም ከከተማ የመጣው በረዶው መላላት ሲጀምር ነው። ዶክተር ፔልቲዬ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ወንበሩንና መሣሪያውን በመኪና ጭኖ አዳራሹ ውስጥ ተከለ። ሥራው በነፃ መመርመር፣ ማጽዳትና ማስተማር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አየሁና ዘመቻው የተሳካ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ የተሰለፉት እናቶች ናቸው፤ እያንዳንዷ ያልተዳረች ልጅዋን ይዛለች።

ከውስጥ ሐኪሙ ሲጮህ ይሰማል። «ማዳም፣ ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም!»

«ነፃ ነው አልተባለም?» ትላለች አንዷ እናት።

«ምርመራው ነው ነፃ!»

«እሺ መርምረህ ስታበቃ ንቀልልኛ! መጥተህ የለ?»

«የሚነቀል የለም እኮ ነው የምልዎት!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ብረት ምን ሊያደርግልህ ጫንከው? ለመልክህ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። ሐኪሙ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ መጣ። «ማዳም ኦዲል፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?»

የነገርኳቸውን አሰብኩ። አፍ ሲታመም ሰውነት ይታመማል፣ ፅንስም ይጎዳል፣ ሳይዘገይ ይታሰብበት ነበር ያልኩት። እነሱም ሳይዘገይ አሰቡበት። የሰሙኝ በሚያውቁት መንገድ ነው።

ኤርሚን ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሐኪሙ አፏን በትንሿ መስተዋት እየዞረ አየና ረዳቱን ነርስ ጠራት፤ እሷም እንድታይ። «እዚህ ዳርቻ ላይ እንዲህ ያለ አፍ አላየሁም» አለ። ከዚያ መስተዋቷ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። «እዚች ጋ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። የኋላኛው መንጋጋ ላይ። ምንም አይደለችም፤ ስመለስ እሞላታለሁ። ዛሬ የመሙያ ዕቃ አልያዝኩም።»

«ነጥብ?» አለች ኤርሚን አፏን እንደከፈተች።

«የመርፌ ጫፍ ታክላለች።»

ከሐኪሙ ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ ውጭ፣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ላይ አነሳት። ፈገግ በይ ቢሏት ፊቷ እየደረቀ እምቢ አላቸው። በመጨረሻ አባቷ ቴዮቲም ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሞ ጥርሱን አወጣና በእጁ እያንቀጫቀጨ እንዲናገር አደረገው፤ «እኔም ፎቶ ልነሳ! እኔም ፎቶ ልነሳ!» ኤርሚን ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ቻካ የሚለውን የካሜራ ድምፅ ሰማሁ። ተይዟል ብዬ አሰብኩ።

ሐኪሙ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። በዚያ መሐል ወንዙ ላይ ያለው በረዶ ተሰበረና ድልድዩን አብሮ ወሰደው። መንገዱ እስኪሠራ ከከተማ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ጥርስ ነቃዩና ጥርስ ሠሪው ወዳሉበት የሚወስደው መንገድ ግን በዚህኛው ወገን ስለሆነ ምንም አልሆነም።

ኤርሚን ነጥቧን አመመኝ ትል ጀመር። ልታማት እንደማትችል ሐኪሙ ነግሮናል። እሷ ግን ምላሷን እዚያ እያሳረፈች ትውላለች፤ ስታወራ መሐል ላይ ዝም ትላለች። ትምህርት ቤት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ፖስተሩ ፊት ቆማ አገኘኋት። በጣቷ ጥቁሩን መስመር ከጥርሱ እስከ ልብ ትከተለው ነበር።

«ትሰፋለች አይደል?» አለችኝ።

«ፔልቲዬ መጥቶ ይሞላታል።»

«እስኪመጣስ? እናቴ ምን ሆና እንደሞተች ታውቂያለሽ? ደሟ ተመረዘ ነው ያሉት። ከምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።»

«ከጥርስ አይደለም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ኤግዚልዳ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ሴቶቹ ቀስ ብለው ዙሪያችንን ቆሙ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ልጂቷን የምታስጨንቂያት ለምንድን ነው?»

«እኔ አላስጨነቅኋትም።»

«ቀዳዳ አላት፤ ሐኪምሽ ራሱ ያየው ነው። መርዝ ነው፣ ፅንስ ይጎዳል ያልሽው አንቺ፤ ሁላችንም ሰምተናል። አሁን ደግሞ ጠብቂ ትያታለሽ። ነገ የሚወለደውን የልጅ ልጄን ነው እኮ የምትነካኪው!»

«አንድ ጥርስ ነው ኤግዚልዳ። እሱም ይሞላል።»

«ዛሬ አንድ፣ ከርሞ ሁለት፤ ልጄ ዓሣ የሚያጠምደው ለጥርስ ሐኪም ነው እንዴ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያ ከጩኸቷ የባሰ ነው። «እጅሽ ካጠረ ምንም አይደል። ባል የሌላት ሴት እንደሆንሽ እናውቃለን። እኔ እሰጣታለሁ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቴዮቲም ሄድኩ። መረብ ማስቀመጫው ውስጥ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ጥርሱን አላደረገም፤ ሥራ ላይ አያደርግም።

«አንተ አባቷ ነህ» አልኩት። «አንተ አይሆንም በላት።»

«ኦዲልዬ፣ ልጅቷ እኮ ራሷ ናት የፈለገችው።»

«የፈለገችው ስለፈራች ነው።»

መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ። «እኔም ፈርቼ ነበር። ጥርሳችንን የተነቀልን ቀን ከአልፌ ጋር ነው የሄድነው፤ አባታችን አንድ ላይ ይሻላል ብሎ። እሱ ቀድሞ ገባ። ሲወጣ እየሳቀ ነው፤ ያ ሁሉ ደም አገጩ ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔን ሊያጽናናኝ። እኔ አለቀስኩ።» በእጁ አፉን ጠረገ። «ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ቀን አላመመኝም። እውነቱን ልንገርሽ? አልፌ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ይሰጣት ነበር።»

ልክ ነው፤ ይሰጣት ነበር። አልፌ ስለዚያ ቀን ምንም ነግሮኝ አያውቅም።

በማግስቱ ኤርሚን ከሥራ ስትመለስ ቤቴ ገባች። ካፖርቷን አላወለቀችም። «ሐሙስ ከኤግዚልዳ ጋር እሄዳለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ መጣሁ» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ታሳምኚኛለሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አንቺ ቅር ብሎሽ አፌን ባሠራ ደስ አይለኝም። አንቺ እኮ እናቴ ነሽ። ምን እንደሚገርመኝ ታውቂያለሽ? እልኸኛ አይደለሽም። በሌላ ነገር እሺ ነው የምትይው። በዚህ ግን…»

«ጤነኛ ጥርስ ማውጣት ልክ አይደለም። ሰው ሠራሹ ድድ ይበላል፤ መንጋጋ ያሟሽሻል፤ በአርባ ዓመትሽ ፊትሽ…»

«እሱን ሰምቼዋለሁ። የዘመቻው ወረቀት ላይ አለ።» አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አክስቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ምክንያት ንገሪኝ። አንድ ብቻ። የራስሽን። ከነገርሽኝ እተወዋለሁ፤ ኤግዚልዳን እኔ እችላታለሁ።»

ከልቧ ነበር። ፊቷ ለፊቴ ቅርብ ነው፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ መልሴን ስትጠብቅ ሁለቱ ጥርሶች ከታችኛው ከንፈሯ ላይ አርፈዋል። እንደዚያ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አውቅ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። አልፌ ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለቄሱም፣ ለወንድሙም። አንዴ ከጀመርኩ የት እንደምቆም አላውቅም ነበር። ደግሞስ ምን ልላት ነው? አፍሽ የኔ ነው ልበላት?

«ጤነኛ ስለሆኑ ነው» አልኩ።

«በቃ?»

«በቃ።»

ራሷን ነቀነቀች። ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ አጥሩ ሥር ተሰልፈው ሲፍቁ የዓሣው መኪና አለፈ። ከሾፌሩ ጎን ኤግዚልዳ፣ ከእሷ ጎን ኤርሚን። ልጆቹ ብሩሻቸውን እያወዛወዙ ጮኹላት፤ እሷም በመስኮቱ እጇን አውጥታ አውለበለበች። ልጆቹን ወደ ክፍል አስገብቼ ሒሳብ አስተማርኩ።

ማታ የዶሮ ሾርባ ሠርቼ አጥልዬ ወሰድኩላት። አልጋዋ ላይ ናት፤ በሻሽ አገጯን አስረውላታል። ከንፈሮቿ ወደ ውስጥ ገብተው ፊቷ አጥሯል። የቴዮቲምን እናት፣ አማቴን፣ መስላ ነበር፤ አሮጊቷ ከሞተች ቆይታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በማንኪያ ሰጠኋት።

«አላመመኝም» አለች። ቃሉ እርጥብ ነበር፤ ደግማ እስክትለው አልገባኝም።

«ጎበዝ።»

«ኤግዚልዳ እጄን ይዛኝ ነበር። አትቀየሚያት። ስታለቅስ ነበር እኮ።»

«አልቀየማትም።» ሾርባውን በማንኪያው እያማሰልኩ ቆየሁ። «የት አደረጓቸው?»

«ምኑን?»

«ጥርሶችሽን።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ባልዲ ውስጥ ነዋ። ከእኔ በፊት የገቡ ልጆችም ነበሩ።»

የቀረውን ሾርባ ጨርሳ ተኛች። ቴዮቲም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንዳልፍ ቦታ ለቀቀልኝ።

ሠርጉ በሰኔ ሆነ። ቀኑ ብራ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሞልቶ ነበር። ቄሱ ባርከው ሲያበቁ ሙሽሮቹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ኤርሚን በዓይኗ ፈለገችኝ፤ አየችኝ፤ ከዚያ በአዲሱ አፏ ሰፋ አድርጋ ፈገግ አለችልኝ፤ እኩል፣ ነጭ፣ ወደ ጎን የተለጠጠ። ሰው ሁሉ ለእሷ ፈገግ ሲል እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ባሌ በሙሽራ ቀሚስ ውስጥ ሆኖ ያየኝ ነበር። ያ ምስል ከዓይኔ እስኪጠፋ ጠበቅሁና እኔም ፈገግ አልኩላት።

ድልድዩ ሲሠራ ዶክተር ፔልቲዬ የመሙያ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። የኋላኛ መንጋጋዋ ላይ ነጥብ ያላትን ልጅ ጠየቀኝ። አግብታለች አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ገባው፤ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ትንንሾቹን ልጆች መርምሮ ሄደ። ከእነሱ መሐል ድዱ የሚደማ ብዙ አልነበረም።

አዲሱ ፖስተር የመጣው ትምህርት ቤት ልንከፍት ስንል ነው። ኤርሚን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ አብረን የካርቶን ቱቦውን ከፍተን የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ ጫፍና ጫፉ እንዳይጠቀለል እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ያዝን። ከበስተጀርባዋ ባሕሩና ጀልባዎቹ አሉ። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ጸጉሯ፣ አንገቷ፣ የዓይኗ ዳር መጨማደድ፣ ሁሉም እሷው ናት።

ጥርሶቿን አስተካክለዋቸዋል። ከተማ ያለ አንድ ሰው፣ ፎቶ የሚያሳምር ሰው፣ በቀጭን ብሩሽ ሁለቱን ለይቶ ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የማያውቅ ሰው አይለየውም። ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት፤ ከቅርብም አየሁት።

«ውይ፣ አሳምረውልኛል!» አለች ኤርሚን። ጣቷን በሥዕሉ አፍ ላይ አሳለፈች፤ ከዚያ ዞራ ፈገግ አለች፤ እንዳነጻጽር። «እይ፣ አሁን ያለኝን ነው የሚመስለው። እንዲያውም አንድ ነው። ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ሰቀልነው። ከላይ ያለውን ሚስማር እሷ መታች፤ የታቹን እኔ። የጤና ቢሮው ለዳርቻው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ልኮታል። ፎቶው ሳይነካ የቀረ ቅጂ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው፤ ስለማያስፈልግ እንዳላስቀመጡት ነገሩኝ።

የአሼ ቤተሰብ ጥርስ፣ አንዱ ሌላው ላይ የተደገፈው፣ አሁን በላዱን በማንም አፍ ውስጥ የለም። በሥዕልም የለም።